ሄራሞ የጸሎት ርዕስ ሆነ

ትናንት ከሰዓት ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ቤት ስገባ፣ የእናቴ የጸሎት ቡድን ሳሎናችንን ሞልቶ ለሄራሞ እያለቀሰ ይጸልያል።

«ጌታ ሆይ፣ ሄራሞን ከዚያ ጉድጓድ አውጣው!»

«አሜን!»

«የያዙትን ሰዎች ልብ አራራልን!»

«አሜን!»

በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱም ሄራሞ የሚባል ሰው የለም... የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ለአዲስ ገቢዎች ልንገራችሁ። ሄራሞ በዚሁ ቻናል በየሳምንቱ የምለቀው ተከታታይ ታሪክ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። ጀብደኛ ነው፣ ግን ሳይወድ በግዱ። ንጉሡ አደባባይ ላይ «ዘንዶውን የሚገድልልኝ ማነው?» ሲል ዝንብ ሊያባርር እጁን አንስቶ የተመለመለ ምስኪን ነው። ጎራዴው ስለሚከብደው መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። ጭራቅ ባየ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል። እስካሁን ያሸነፈው አንድም ፍልሚያ የለም፣ የሚያውቀው መሮጥ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጻፍ አይሆንልኝም። ጓሮ ወጥቼ፣ እንሰቱ መሀል ወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጥኩ ታሪኩን ስልኬ ላይ በድምፅ እቀዳለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ጽሑፍ የምመልሰው። ለካ እናቴ በኩሽናው መስኮት ትሰማኛለች። የሰማችው ደግሞ ይህንን ነው... «ሄራሞ ጉድጓድ ውስጥ ነው። መንገድ መሪው ጥሎት ጠፍቷል። ውሃ እንኳ አልሰጡትም። መያዙን የሚያውቅ ሰው የለም።»

እስቲ ፍረዱኝ፣ የሆሳዕና እናት ይህን ሰምታ ሌላ ምን ታስብ? ከእኛ ሰፈር ስንቱ ልጅ ነው ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ የወጣው። ስንቱን ነው ደላላ የማያውቀው ጫካ ውስጥ በትኖት የሄደው። እናቴ ሄራሞን ጓደኛዬ አድርጋ መንገድ ላይ አስቀመጠችው። እኔን አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት «አንተም ልትከተለው ያሰብክ መስሎኝ ፈራሁ» አለችኝ።

የሚብሰው ምን መሰላችሁ... በሚቀጥለው ክፍል ሄራሞን ልገድለው ወስኜ ነበር። ሰልችቶኝ ነበራ!

ጸሎቱ አልቆ ሻይ ሲቀርብ ሹልክ ልል ስል እትዬ አስቴር እጄን ያዙኝ። የጊምቢቹ ሰው ናቸው፣ አሁን ከእኛ ቤት ጀርባ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ታምራት በዚያው መንገድ ከወጣ ቆይቷል። ክረምት ላይ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

«ልጄ፣ ሄራሞ ደወለ እንዴ?»

«ኧረ... አልደወለም።»

«ሲደውል ስለ ታምራት ጠይቅልኝ። ምናልባት አብረው ይሆናል። ረዥም ነው፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው በለው... እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ጓሮ ወጣሁ። ተመለስኩ። ደግሞ ወጣሁ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። ዝም ብል ሴትዮዋ በየቀኑ በራችን ላይ ሊቆሙ ነው። ብናገር ደግሞ... አንድ ያገኙትን ተስፋ ልነጥቃቸው ነው። በመጨረሻ ገባሁና ሳሎኑ መሀል ቆምኩ።

«እትዬ አስቴር... ሄራሞ ሰው አይደለም። ስልክ ላይ የምጽፈው ተረት ነው። ጉድጓዱም ተረት ነው። የያዙትም ጭራቆች ናቸው።»



«ጭራቅ?» አለች አንዷ እናት። «ጾመንለት ነበር እኮ!»

እናቴ በቋንቋችን፣ በሀዲይሳ፣ የሆነ ነገር ተናገረችኝ፣ እዚህ አልተረጉመውም።

እትዬ አስቴር ግን ቀስ ብለው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው ታምራትን አላየውማ» አሉ።

«አላየውም» አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሻዩን ሳይጠጡት ይዘውት ቆዩ። ከዚያ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አሉኝ።

«ማን?»

«ሄራሞ ነዋ!»

ነገርኳቸው። የዝንቧን ነገር፣ ጎራዴውን፣ የሆድ ቁርጠቱን። ከዘንዶው ሸሽቶ ዛፍ ላይ ሲወጣ ዛፉ የዘንዶው ጭራ ሆኖ መገኘቱን ስነግራቸው እናቴ ሳትወድ በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። እትዬ አስቴርም ሳቁ... ሳቁና እንባቸው መጣ።

«የእኔም ታምራት ፈሪ ነው» አሉ። «ውሻ ሲጮህ እንኳ ቀሚሴን ይይዝ ነበር። እንዴት ብሎ እንደወጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ጓደኞቹ ሲሄዱ መቅረት አሳፍሮት ነው እንጂ እሱስ አልፈለገም።»

ከዚያ ቀና ብለው በቁጣ አዩኝ።

«ታዲያ የምትጽፈው አንተ ከሆንክ ምን ትጠብቃለህ? አውጣው እንጂ!»

«አሜን!» አለ ቡድኑ በአንድ ድምፅ።

እናም ዛሬ ጠዋት የለቀቅኩትን ክፍል አንብባችሁ «ጠባቂዎቹ ሁሉ እንዴት አንድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው? አያሳምንም!» እያላችሁ ኮሜንት የምታዘንቡብኝ... ልክ ናችሁ፣ አያሳምንም።

ግን ታምራት እስኪደውል ድረስ ሄራሞ አይሞትም።