የጓንጉል አሜን

ጓንጉል የሌሊት ዘበኛ ነበር፤ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንፃ በር ጠባቂ። እሑድ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ፓርክላንድስ ወዳለው የሐበሾች ጸሎት ቤት ይመጣና ከሚስቱ ከጌጤ አጠገብ ይቀመጣል። ስብከቱ ሳይጋመስ ያንጎላጃል። የሚባንነው ሰባኪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሕዝቡ በአንድ አፍ «አሜን!» ሲል ነው። ባንኖ ዝም ቢል ምን ነበረበት! የለም፤ ሁሉም ጨርሶ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ብቻውን፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ «አሜን!» ይላል። አንድ ቀን ሰባኪው ራሱ «በሉ እንግዲህ ወንድም ጓንጉል አጽድቆታል፤ እንቀጥል» ቢል ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

ጌጤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጎኑን በክርኗ ትጎሽመዋለች። ቤት ሲገቡ ደግሞ «ምን በደልኩህና ነው በሰው ፊት የምታዋርደኝ?» ትለዋለች። እሱ ምን ቸገረው? «ዘገየ እንጂ አልቀረ» ይላትና ይስቃል።

በፈረንጆቹ 2004 ሳንባውን ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ፎቶማ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ድምፁ ግን ከየት ይምጣ?

ጌጤ የጸሎት ቤቱ የካሴት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች። ቤተ መጻሕፍት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍልና ጥቂት መደርደሪያ ናት። ሰው ቤት ተቀጥረው እሑድ መውጣት የማይፈቀድላቸው እህቶች ስብከት የሚዋሱት ከእሷ ነው። ከለቅሶው በኋላ አንድ ቀን፣ የተመለሰ ካሴት ደህና መሆኑን ልታይ ቴፑን ከፈተችው። ሰባኪው «ጌታ አይረሳችሁም!» አለ። ሕዝቡ «አሜን!» አለ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ጓንጉል ዘግይቶ መጣ። «አሜን!»

በሩን ዘግታ እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ እሱ ያለባቸውን ካሴቶች እየለቀመች ለብቻ ደረደረቻቸው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምን ብላ ትናገር? ስታፍርበት የኖረችውን አሜን አሁን ተደብቃ ታዳምጣለች ይበሏት?

ካሴት ደግሞ እምነት አይጣልበትም። አንዱን አሮጌው ቴፕ በላባት። ክሩን በእስክሪብቶ እየጠቀለለች ብትመልሰውም የጓንጉል ድምፅ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ያን ቀን ከልቧ ፈራች። እናም ሽማግሌው ጋሽ ዘርይሁን «ስብከቶቹ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጡ» ብለው በስብሰባ ሲያነሱ ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ጌጤ ናት። «ዛሬ ነገ አይባል! እየጠፉ እኮ ነው!» አለች።

ሥራውን ኢዮኤል ያዘው፤ ናይሮቢ ያደገ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ጨዋ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ ቴፑን በገመድ ከኮምፒውተሩ እያገናኘ አንድ በአንድ ገለበጣቸው። የሰባኪው ስም፣ ርዕሱ፣ ጥቅሱ፣ ሁሉም ገባ፤ ከእንግዲህ የሚፈልጉትን ቃል ጽፎ ማግኘት ነው። ከኮምፒውተሩ የቀዳውን የመጀመሪያ ሲዲ ሲያሰማት ሰባኪው አጠገቧ ቆሞ የሚያወራ መሰላት።

«ሁሉም እንደነበረው ነው?» አለችው።

«ኧረ እትዬ ጌጤ፣ ማች ቤተር ነው! ገና ይገርምዎታል።»

መረቀችው። ክፍሏ ለሰንበት ትምህርት ልጆች ስለተፈለገች ካሴቶቹ ይውጡ ተባለ። ታካታካ የሚሰበስበው ሰውዬ ቆሻሻውን ሊወስድ ጋሪውን እየገፋ ሲመጣ፣ በካርቶን እያደረገች ያስረከበችው ራሷ ናት፤ ጓንጉል ያለባቸውን ጭምር። ለምን ታስቀር? ሲዲ ቴፕ አይበላው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህቺ ምስኪን ግን የምትለቅመውንም አላገኘች።

ከምትሠራበት ከሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ደመወዟን አጠራቅማ ሲዲ ማጫወቻ ገዛች። ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ያንን ስብከት ከፈተች። «ጌታ አይረሳችሁም!» አለ ሰባኪው። ጌጤ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣» ብሎ ቀጠለ።

ወደ ኋላ መለሰችው። አሁንም «ስለዚህ፣ ወገኖቼ»። ሌላ ሲዲ ከተተች፤ እሱም ያው። ሰባኪው ማንም በሌለበት አዳራሽ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ ለብቻው ይናገራል።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ኢዮኤል ዘንድ ሄደች። «ሲዲው ሳይበላሽ አይቀርም። አሜኑ የለም» አለችው።

«አልተበላሸም እትዬ ጌጤ። ባክግራውንድ ኖይዙን አጥፍቼው ነው። ሳሉን፣ የልጅ ለቅሶውን፣ የሕዝቡን ጩኸት፤ ባዶ ቦታውንም ሶፍትዌሩ ራሱ ይቆርጠዋል። ክሊን ይሁን ብዬ ስንት ለፋሁበት!»

«ያጠፋኸውስ? እሱስ የት ሄደ?»

«የትም። ኮምፒውተሩ ቦታ ስላልነበረው ያልጸዳውን አላስቀመጥኩም።»

«ጓንጉል እኮ ነበረበት» አለች ጌጤ።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ እሱም በልጅነቱ በዚያ አሜን ስንቴ ስቋል። «ካሴቶቹስ?» ብሎ ጀመረና፣ ማን እንዳወጣቸው ትዝ ሲለው ተወው። «ምነው ቢነግሩኝ ኖሮ!» አለ።

«አፍሬ ነው» አለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ኢዮኤል የሚቀጥለውን እሑድ ስብከት ምንም ሳይነካ ቀዳ። ሲዲውን ቤቷ ድረስ ይዞላት መጣ። «ምንም አልቆረጥኩም እትዬ ጌጤ። ሁሉም አለበት» አለና ዓይኗን ሳያይ ሄደ።

ከፈተችው። እውነትም ሁሉም አለበት። ወንበር ይንቋቋል፣ ሰው ይስላል፣ አንዱ ሕፃን እናቱን ይጣራል፣ ከውጭ ተሳፋሪ የሚጠራ የማታቱ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል። ሰባኪው ድምፁን ከፍ አደረገ። ሕዝቡ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ጌጤ ሳታውቀው ክርኗን ወደ ጎን ሰደደች። ክርኗ ባዶውን ሶፋ አገኘ፤ ሰባኪውም ቀጠለ።