ማህተም የሌለው የድጋፍ ደብዳቤ

ይህ የሆነው በ2003 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ማመልከቻዬን የላክሁበት ጊዜ ስለነበር ቀኖቹን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ደግሞም በዕድሜዬ እንደዚያ እሑድ ያፈርሁበት ቀን የለም።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። በፖለቲካ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ዶክተር የመሆን አምሮት አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ “እናዝናለን” የሚል መልስ ደርሶኛል። ሦስተኛው አውሮፓ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ነጻ የትምህርት ዕድሉን የሚሰጡት ሠላሳ አምስት ዓመት ላላለፈው ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያው ዓመት ሠላሳ አምስቴን እየጨረስሁ ነበር። ይህ ካመለጠኝ አመለጠኝ ነው።

የሚጠይቁትን ማሟላት ራሱ አንድ ዲግሪ ነው። ለእንግሊዝኛ ፈተናው አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የትምህርት ማስረጃዬ ታሽጎ እንዲወጣልኝ ሬጅስትራር ቢሮ ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንቻለሁ። የምርምር ሐሳቤን ስንት ጊዜ ጽፌ እንደሰረዝሁ አላውቅም። በዚህ ላይ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ፈለጉ። ሁለቱ ካስተማሩኝ መምህራን፣ ሦስተኛው ግን የመስክ ጥናቴን ዐይቶ ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው። እያንዳንዱ በፖስታ ታሽጎ፣ ጸሐፊው በማሸጊያው ላይ መፈረም አለበት። በአማርኛ ቢጻፍም እኛ እናስተረጉማለን ብለዋል።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤ የኛን ልማድ የማያውቅ ካለ ልንገረው። መምህርህ ዘንድ ትሄዳለህ፤ እሱም “ጽፈህ አምጣና ልፈርም” ይልሃል። ሁለቱንም ደብዳቤ የጻፍኋቸው እኔው ነኝ። በአንዱ “ብርቅዬ ተመራማሪ” ነኝ፣ በሌላው “ካስተማርኋቸው ሁሉ የላቀ”። ያስጨነቀኝ ቢኖር ሁለቱ እንዳይመሳሰሉ ብቻ ነበር።

ሦስተኛውንም በዚያው ልማድ ጻፍሁትና ዓርብ ዕለት ወደ አባ ጥበቡ ይዤ ሄድሁ። አባ ጥበቡ ከይጁቤ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ቄስም የሽማግሌዎች ሰብሳቢም ናቸው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምረው የተመለሱ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ እርሳቸው በሚመሩት ሽምግልና ላይ ነበር። ገበሬው የወሰን ጠቡን ፍርድ ቤት ሳይሄድ እንዴት እንደሚጨርስ ሦስት ወር አብሬአቸው እየተቀመጥሁ አይቻለሁ።

ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

“ይኸን ማን ጻፈው?”

“እኔ ነኝ፣ አባ።”

“ስለ ራስህ?”

“ደንቡ እንዲህ ነው። እርስዎ ከሥር ይፈርሙልኛል።”

“ባለጉዳዩም አንተ፣ ምስክሩም አንተ። ታዲያ እኔ ዘንድ ለምን መጣህ?”

 እርሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና “እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና፤ ሰው ልጠይቅ” አሉኝ።

ያኔ ነው የረሳሁት ነገር ትዝ ያለኝ። በዚያ ቀበሌ የሽምግልና ደንብ አንድ ሽማግሌ ለሰው ከመመስከሩ በፊት በአደባባይ “በዚህ ሰው የተቀየመ አለ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ዋስ ለሚሆንም፣ ለሙሽራም እንደዚያው ነው። እኔ ራሴ ጥናቴ ውስጥ ሁለት ገጽ ጽፌበታለሁ። በእኔ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ፖስታው እስከ ረቡዕ ከደብረ ማርቆስ ካልወጣ በቀኑ አይደርስም ነበር። ስለዚህ እያጉረመረምሁ እሑድ ተመለስሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። አባ ጥበቡ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። “ይኸ መምህር ባሕር ማዶ ለትምህርት ሊሄድ ነው። ምስክር ሁነኝ ብሎኛል። እዚህ ሲመላለስ ታውቁታላችሁ፤ በሱ የተቀየመ ካለ ይናገር” አሉ።

አንድ ሽማግሌ ቀድመው ተነሡ። “እኔ ቅያሜ አለኝ። ሦስት ወር ጠላዬን ሲጠጣ ከርሞ አንድ ቀን እንኳ ሰክሮ አላሳቀኝም” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ልቤ መለስ አለ። በቃ አለቀ ብዬ ተደላደልሁ።

ከሴቶቹ በኩል እትዬ ይመኙሻል ተነሡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከባላቸው ወንድም ጋር በወሰን የተጣሉ ሴት ናቸው። ሽምግልናቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትያለሁ፤ ጥናቴ ውስጥ ከሁሉ ያማረው ምሳሌ የእርሳቸው ነበር።

“መምህር፣ የኔን ነገር ምን ብለህ ጻፍኸው?” አሉኝ።

“ሁለቱም ወገኖች ረክተው ታረቁ ብዬ ነው” አልሁ። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

“ማን ነገረህ?”

“ዐይቻለሁ እኮ! ተስማምተው ሲስሙ አይቻለሁ።”

“የሳምሁት መስቀሉን ነው። አባ መስቀል ሲዘረጉ እምቢ የሚል ማን አለ? ከዚያ ወዲያ ቤቴ መጥተህ ‘ረክተዋል ወይ?’ ብለህ ጠይቀኸኛል? ‘ጥናቱን ለዩኒቨርሲቲው ሳላስገባ አነብልዎታለሁ’ ብለኸኝም ነበር። እኔ ከዚያ ሰው ጋር እስከ ዛሬ እሳት አልተጫጫርሁም። ከጅረቱ ዳር የሄደችብኝን መሬት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።”

 የባላቸው ወንድም ከወዲያ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።  እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም፤ ቆሽቴ ነው ያረረው። አራት ዓመት ዝም ብለው ዛሬን መረጡ?

“አባ፣ ይህ ከደብዳቤው ጋር ምን ያገናኘዋል?” አልሁ።

“የከሰሰችው አንተን ብቻ መሰለህ?” አሉኝ ዝግ ብለው። “መስቀሉን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ አልጽፍም።”

ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ማኅደሬን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ ጧት ዐይኔን በጨው ታጥቤ ምክትል ርእሰ መምህራችን ቢሮ ገባሁ። ሰውየው ይጁቤን ረግጦ አያውቅም። የጻፍሁትን ደብዳቤ በእርሱ ስም አስተካክዬ አቀረብሁለት፤ ሳያነብ ፈረመ። ማህተም አደረገበት፣ አሸገው፣ በማሸጊያው ላይም ፈረመ። ሁሉም ነገር የሻይ መጠጫ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ የምርምር ሐሳቤን ለመጨረሻ ጊዜ ላሳትም ኢንተርኔት ቤት ሄድሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ “ሁለቱም ወገኖች ረክተው” የምትለው መስመር አለች። ጥናቱ ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ዶክትሬቱን ልሠራበት ያሰብሁት ጥያቄም “ሽምግልና ሁለቱንም ወገን የሚያረካው ለምንድን ነው?” የሚል ነበር። አውሮፓ ያሉት መምህራን ይጁቤ ድረስ መጥተው እትዬ ይመኙሻልን አይጠይቋቸውም። ማንም አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ ችግሩም እሱ ሆነ። አትም ልል እጄን ስዘረጋ መብራት ሄደ። ልጁ ጄኔሬተር ሊያስነሣ ሲታገል እዚያው ተቀምጬ ብዙ አሰብሁ። መብራቱ ሲመጣ ሳላሳትም ወጣሁ።

ማክሰኞ ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ለምኜ ሰጥቼ በመጀመሪያው መኪና ይጁቤ ወረድሁ። እትዬ ይመኙሻልን ያገኘኋቸው ደጃቸው ላይ ጤፍ ሲያበጥሩ ነው።

“እትዬ፣ ያኔ ልጠይቅዎት የሚገባኝን ልጠይቅዎ መጣሁ” አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝና “እስኪ ተቀመጥ” አሉኝ።

ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ነገሩኝ። ለምን “እሺ” እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ “ሽማግሌ እምቢ ብል ነገ ማን ይሰማኛል? ብሞትስ ማን ይቀብረኛል?” አሉ። ይህን ቃል በቃል ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት። ሦስት ወር ሙሉ እርቅ ሲወርድ ስመለከት ማን እንደተናገረ ጽፌአለሁ። ማን ዝም እንዳለ ግን አንድ ቀን አልጻፍሁም።

ስጨርስ አብረን ወደ አባ ጥበቡ ሄድን። የጻፍሁትን አንብቤ አሰማኋቸው።

“ተቆጥተህ ነበር የሄድኸው” አሉኝ።

“አዎ፣ አባ።”

“አሁንስ?”

“አሁን አፍሬአለሁ።”

“እኔም” አሉ፤ ወደ እትዬ ይመኙሻል ዞረውም “ከፋሲካ በኋላ ጉዳይሽ እንደገና ይታያል” አሏቸው።

ከዚያ ወረቀት አውጥተው ግማሽ ገጽ የምታህል ጻፉ። አሸጉትና በማሸጊያው ላይ ፈረሙበት። ማህተም ቢኖረው ጥሩ እንደሆነ ስነግራቸው፣ “የቤተ ክርስቲያኑ ማህተም አለ፤ ይህ ግን የኔ ቃል ነው እንጂ የታቦቱ አይደለም” አሉ። ምን ብለው እንደጻፉ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።

ረቡዕ ጧት የምርምር ሐሳቡን አስተካክዬ አሳተምሁ። ጥያቄዬም “እርቅ ሲወርድ ዝም የሚለው ማን ነው?” ወደሚል ተለወጠ። አብሬ ከምልከው የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ጋርም “ይህ ምሳሌ ስሕተት ነው” የሚል አንድ ገጽ አያያዝሁ። በመጨረሻው ሰዓት የገዛ ጥናቱን የሚያፈርስ አመልካች ማን ይቀበላል እያልሁ ፖስታ ቤት ገባሁ።

ለሦስተኛው ደብዳቤ የተዘጋጁት ሁለቱም ፖስታዎች፣ የምክትሉም የአባም፣ በእጄ ናቸው። የፖስታ ቤት ሠራተኛዋ የአባን ገልብጣ አየችና “ይኼ ማህተም የለውም፤ ይመልሱብሃል” አለችኝ። የምክትሉ ደብዳቤ ምን እንደሚል አውቃለሁ። የአባ ደብዳቤ “ይህ ሰው ዋሽቶብናል” ብሎም ሊሆን ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዳይደርስብኝ ፈራሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል።

“ወስን እንጂ፣ ወንድም!” አለችኝ።

የአባን ሰጠኋት። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

በመጋቢት ለቃለ መጠይቅ በስልክ ደወሉልኝ። አንዲት ፕሮፌሰር “ስለ ሦስተኛው ደብዳቤ እንነጋገር” አለችና ትርጉሙን አነበበችልኝ። እንዲህ ይላል፦ “ይህ ሰው ስለ እኛ ሲጽፍ ተሳስቷል። ሲነገረው ተቆጥቷል። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ ጠይቋል። እኔም አብሬው ተሳስቼ ነበር፤ ሊጠይቅ የመጣው ግን እርሱ ቀድሞኝ ነው።”  የቀረውን ግማሽ ሰዓት ስለ እትዬ ይመኙሻል ብቻ ጠየቀችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቀብለናል የሚለው መልስ መጣ።

የእትዬ ይመኙሻል ነገር ከፋሲካ በኋላ እንደገና ታየ። ከጅረቱ ዳር የሄደችባቸው መሬት ግማሿ ተመለሰችላቸው። ግማሿ አልበቃቸውም፤ ይህንንም በአደባባይ ተናገሩ። በመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜዬ ስመለስ ስለ እርሳቸው የጻፍሁትን በአማርኛ አነበብሁላቸው። ሁለት ቦታ አሳረሙኝ።

ዛሬ እኔም ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቀኝ “የተቀየመህ ሰው ማን ነው? እሱን አምጣልኝ” እላለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ እነዚያን ሁለት የመምህራኔን ደብዳቤዎች ራሴ እንደጻፍኋቸው ልኬአቸዋለሁ፣ ዛሬም ሳስባቸው ያሳፍሩኛል።

ባለ ማህተሙ የምክትሉ ፖስታ ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከፍቼው አላውቅም። ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።