አራቱ የእሑድ ደብተሮች

የሚቆላ በርበሬና የሚቃጠል ወረቀት አንድ ላይ ሲሸተኝ፣ እንዲህ ያለው ሽታ ደግሞ በዓመት አንዴም አይገኝም፣ የልጅነቴ ኪሳራ ትዝ ይለኛል፤ ያ ጉዳይ ያስወጣኝ አራት ደብተርና አንድ አባት ነው። አባቴ የሞተው ብዙ ቆይቶ ነው፤ እኔ ያጣሁት ግን በዚያ ሳምንት ነው።

አባቴ ዐቃቤ ሕግ ነበር። በወጣትነቱ ጀርመን አገር ሕግ ሲማር፣ አስተማሪው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዐቃቤ ሕግ፣ እስረኛ ላይ መርዝና በሽታ እየሞከሩ በገደሉ የናዚ ሐኪሞች ላይ ከጦርነቱ በኋላ ከቀረበው ክስ በእጃቸው የቀረውን ወረቀት ገልብጠው ሰጥተውት፣ በቆርቆሮ ሣጥን ይዞት መጥቶ ነበር። ሌላው ሰው ከውጭ ሲመለስ ቴፕና ፍሪጅ ይዞ ይገባል፤ የእኛ ሰውዬ የክስ መዝገብ ይዞ ገባ። እናቴ ይህን እስክትሞት አልረሳችለትም።

ቤታችን ቦሌ ነበር፤ ከአጥራችን ኋላ እስከ ጎሮ ድረስ እርሻ ነበር። ክረምት ክረምት ጭቃው ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያይ ስለነበር፣ ከጭቃው የተረፈውን ደግሞ አብዮቱ ስለለያየው፣ እናቴም «ሰው ፊት አፍህን እንዳትከፍት» እያለች ከግቢ ስለማታስወጣኝ፣ ጓደኛ የሚባል አልነበረኝም። የነበረኝ እሑድ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ሣጥኑን ከፍቶ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ጀርመንኛውን በዓይኑ እየተከተለ በአማርኛ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር ደብተር ላይ አሰፍረው ነበር። አውሮፕላን ሲነሣ ድምፁ ስለማይሰማ ጣቱን ያነሣል፣ እኔም እስክሪብቶዬን አነሣለሁ፤ አውሮፕላኑ እስኪርቅ ድረስ ዝም ብለን እንተያያለን። አባቴ ፊቴን ረጋ ብሎ ያየኝ የነበረው በዚያች ጊዜ ብቻ ነበር።

አንድ ቃል ሲያስቸግረው ግማሽ ቀን ይቆማል። ሐኪም በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ሰውየው ሳይገደድና ነገሩ ገብቶት እሺ ማለት አለበት የሚለውን ለመጻፍ ሦስት እሑድ ፈጀብን።

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንድ ቀን እዚህ አገርም እንዲህ ያለ ችሎት ይቆማል። ያን ጊዜ ቃል አጥሮን እንዳንንተባተብ ነው። በል ጻፍ።»

ሦስት ዓመት ጻፍን። በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር፣ የመጨረሻውን ገጽ ጽፌ ደብተሩን ስዘጋ አባቴ ሻይ በገዛ እጁ ቀዳልኝ። በቤታችን ታሪክ ይህ ሹመት ነው።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ አባቴ ለሥራ ጅማ ሄዶ ሳለ፣ ቤት ለቤት አሰሳ ስለሚደረግ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ተነገረ። ወረቀት ያለው ሁሉ ማቃጠል ያዘ፤ ጭስ ግን ያስጠረጥራል። እናቴ መላ አላጣችም፤ በርበሬ መቁላት ጀመረች፤ በርበሬ ወደሚቆላበት ግቢ ጠመንጃ የያዘም ሰው ቢሆን ወዶ አይጠጋማ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንተ ታነባለህ» አለችኝ፣ እንባዋ የበርበሬው ይሁን የፍርሃቱ ሳይለይ፤ «የሚያስገድለንን ለይተህ ስጠኝ።»

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፈታሾቹ ጀርመንኛ አያነቡም፤ አማርኛ ግን ያነባሉ። ደብተሩን ገልጬ በእነሱ ዓይን አነበብኩት። እስረኞቹ ስማቸው እየተጠራ ወጡ፣ አልተመለሱም ይላል። ሐኪሙ «አለቃዬ አዞኝ ነው» አለ ይላል። በጀርመንኛ የሩቅ ሰዎች ወንጀል የነበረው፣ በእኔ ጽሕፈት ሲነበብ የእኛን ቀበሌ መሰለኝ። አራቱንም ሰጠኋት፤ ቅጠል በቅጠል እየገነጠለች እሳቱ ውስጥ ጨመረቻቸው።

በማግስቱ ለአሰሳው ታደለ መጣ። ታደለ የሰፈራችን ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ ጠመንጃ ተሰጠው።

«እትዬ ብርቄ፣ ይሄ ሁሉ በርበሬ ለሠርግ ነው?» አለ እያስነጠሰ።

«አንተ ጠመንጃውን ካገባህ ወዲህ ሠርግ የት አለ?»

እየሳቀ ሣጥኑን ከፈተና ከላይ የነበረውን ፎቶግራፍ አነሣ። ሰዎች ችሎት ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ዘቦች ቆመዋል።

«እነዚህ ፈረንጆች ደግሞ እነማን ናቸው?»

«የናዚ ሐኪሞች ናቸው። እስረኛ ላይ መድኃኒት እየሞከሩ የገደሉ። ሲፈረድባቸው ነው» አልኩ።

«ፋሺስቶች ናቸው በለኛ!» ፊቱ በራ። ወረቀቱን አገላበጠና ከንፈሩን መጠጠ። «ወይ ነዶ! ይሄንን ነበር ለውይይት ክበባችን ማንበብ። በአማርኛ የለም?»

እናቴ አየችኝ።

«የለም» አልኩ።

አባቴ በሳምንቱ ገባ። ሣጥኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

«ማን ለየው?»

«እኔ።»

«አንብበህ?»

«አንብቤ ነው፣ አባባ። እኛን ይመስላል።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ አዲስ ደብተር አዘጋጅቼ ጠረጴዛው ላይ ጠበቅሁት። አባቴ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። እንዲሁ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ በዚያ ሁሉ እሑድ አንዲት መስመር አላስጻፈኝም። በመጨረሻ እሑድ እሑድ ኦሎምፒያ ጥግ ማስቲካ መሸጥ ጀመርኩ፤ ገበያ ቢያንስ ያናግራል። ንግድ ተሰጥኦዬ እንደሆነ ለሚነግሩኝ ሰዎች ይህን ተናግሬ አላውቅም።

ዘመን አልፎ፣ አባቴ እንዳለው፣ እዚህም ችሎት ቆመ። አያት ሰፈር ቤት ሠርቼ አባቴን ወደ እኔ ካመጣሁት በኋላ አንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግ አፈላልጎት መጣ።

«አባባ፣ የናዚ ሐኪሞቹን ክስ ወደ አማርኛ መልሰውት ነበር ሲሉ ሰምቼ ነው። አሁን በጣም በጠቀመን ነበር።»

አጠገቡ ተቀምጫለሁ። አባቴ ዞር ብሎ አላየኝም።

«ጀምሬው ነበር» አለው፤ «አልጨረስኩትም። ሥራ በዛብኝ።»

ወጣቱ አመስግኖ ሄደ። እኔና አባቴ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። ልጅ ሳለሁ ዝምታው ቅጣት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን እኔ የመጀመሪያውን ቃል እስክናገር ይጠብቅ የነበረ እንደሆነስ እላለሁ፤ ቤቱ ሰፊ ነው፣ የምጠይቀው ሰው የለም።

ሣጥኑ እኔ ጋ ነው። ጀርመንኛው ሙሉ ነው፤ እኔ ጀርመንኛ አላነብም። አማርኛው የለም።