መደርደሪያው ላይ የቀረው ምልክት

ለከብት መዥገር መድኃኒቱ የሠራሁት ምልክት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የሰው ራስ ቅል ነው፤ ከሥሩ ሁለት አጥንቶች ይጠላለፋሉ። ሥዕል ማንም አላስተማረኝም። የነቀምቴን ሱቆች ሰሌዳ እያየሁ፣ ከውጭ የሚመጣ ቆርቆሮ ላይ ያለውን እየገለበጥኩ ነው የተማርኩት። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ለየሁ። የዓይኑ ጉድጓድ ከሩቅ እንዲታይ ጥቁሩን ሁለት ጊዜ ደረብኩ። ማንበብ የማይችል ሰውም አይቶ እንዲጠነቀቅ ነበር ሐሳቤ።

ያዘዘኝ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከተማችን የከረመ ባለሱቅ ነው። መድኃኒቱ ያለበትን ትልቅ ቆርቆሮ ከጃንሆይ ምስል በታች አስቀምጦ ምልክቴን ለጠፈበት። ራቅ ብሎ አየውና «ይሄ የሣልከው ሰውዬ ደንበኛ ሊያባርርብኝ ነው» አለ። ደስ አለኝ።

በገበያ ቀን ሱቁ ውስጥ ጥግ ይዤ ሰው ሥራዬን ሲያይ አያለሁ። በሲሬ መንገድ ካለ መንደር የመጡ አንዲት አሮጊት ገቡና ከቅርጫታቸው ሁለት ቡናማ የአረቄ ጠርሙሶች አወጡ። ባለሱቁ በአንዱ የኑግ ዘይት፣ በሌላው የከብቱን መድኃኒት ቀዳላቸው። ሁለቱንም በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፈው፣ ጎን ለጎን ቅርጫታቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

ምልክቴ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

እኛ ዘንድ ገዢ ጠርሙሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ይህን ነገር በሦስት ቀን ውስጥ አንዴም አላሰብኩትም። ያኔም ልጠራቸው ስችል አፌ አልታዘዘኝም፤ ሰው በሞላበት መናገር አይሆንልኝም። ተከትዬ ስወጣ ገበያው ውጧቸዋል።

ባለሱቁ መንደራቸውን ነገረኝ። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት እንዳረቡ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ነገር እንደሌለም ጨመረልኝ። አልሰማሁትም። መንገዱን ግማሹን ሮጥኩ። በእያንዳንዱ ዳገት ላይ የማየው ያንኑ ነው፦ ውሃ የጠማው ልጅ፣ ጠርሙስ፣ ቆረቆንዳው ሲነቀል።

ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። አሮጊቷ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ሽንኩርት ያቁላላሉ፤ የተከተፈ ጎመን አጠገባቸው አለ። ጠርሙሶቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል። አንዱ ጎደል ብሏል።

«አዮ፣ እናቴ፣ ድስቱ ውስጥ የጨመሩት ምንድን ነው?»

«ዘይት ነዋ።»

«ከየትኛው?»

ሁለቱን ጠርሙሶች አዩ።

የጎደለውን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጭሱና ሽንኩርቱ አፍንጫዬን ሞልቶት ምንም አልሸት አለኝ። ንጹሕ አየር እስኪገባልኝ ቆምኩ። እንደገና አሸተትኩ። ኑግ ነው። ሌላውንም አውጥቼ ስከፍት ዓይኔን አቃጠለኝ።

ደጁ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አሮጊቷ ወጥተው አዩኝና፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የጠጣኸው አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ በመድኃኒቱ ጠርሙስ አንገት ላይ አሰርኩት፤ ሦስት ቋጠሮ። በጨለማም ቢሆን እጅ ያውቀዋል ብዬ አስረዳኋቸው። ቤተሰቡም እየነካ እንዲለምደው አደራ አልኳቸው። ነቀምቴ የገባሁት ጫማዬን እየጎተትኩ ነው፤ ልቤ ግን ቀሎት ነበር። ከራስ ቅሉ የተሻለ ነገር ሠርቻለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከሳምንታት በኋላ አሮጊቷ እንደገና መጡ። ከቅርጫታቸው ያወጡት ጠርሙስ አንገቱ ላይ ማሰሪያዬ አለ።

«ዘይት ሙላልኝ» አሉት ባለሱቁን። መድኃኒቱ አልቆ በአመድ አጥበውታል። ማሰሪያውን የተዉት ከግድግዳው ችንካር ላይ ለመስቀል ስለሚመች ነው።

የዘይቱ ማንቆርቆሪያ ጠርሙሱ አፍ ላይ ደርሷል።

«ጋሼ፣ አይቅዱ፤ መርዝ በአመድ አይለቅም» አልኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረብኝ፤ ድምፄን ሰምተውት የማያውቁም ነበሩበት። ከቤቴ ንጹሕ ጠርሙስ አምጥቼ ለወጥኳቸው። አሮጊቷ ያለ ማሰሪያ ምኑ ይያዛል ብለው አጉረመረሙ።

ያ ጠርሙስ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ቋጠሮውን ልፈታው ሞክሬ ነበር፤ አጥብቄ ስላሰርኩት አልፈታ አለኝ። ሳየው የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። ከዚያ ቆርቆሮ መድኃኒት ተቀድቶባቸው፣ በአመድ ታጥበው፣ አሁን ዘይት ይዘው በአርጆና በሲሬ መንገድ ባሉ ቤቶች ግድግዳ ተደግፈው ያሉት ሌሎች ጠርሙሶች ናቸው።