ስልኩ «ቀይ ወጥ» ያለው ነገር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። አባቴ ዛሬ በሕይወትም በጤናም አሉ።

እኔ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በልብስ ስፌት ነው የምሠራው። አባቴ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አብረን እንኑር ብላቸው አሻፈረኝ ብለዋል። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ፣ በየመንገዱ ጥብስና ቀይ ወጥ ሲበሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር እንዳለባቸው ሲነገራቸው እንኳን የከፋቸው በመርፌው ሳይሆን በምግቡ ነበር።

ሐኪሙ ቅባት ሲከለክላቸው አንድ መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ምግባቸውን ፎቶ ሲያነሱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ምን እንደሆነ ለይቶ በአማርኛ ይናገራል። ጥሩ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ያሳያል። ውጤቱ ከነፎቶው በእኔም ስልክ ላይ ይመጣል።

«ከላይ ወደ ታች ያንሱ» ስለሚል፣ አባቴ ሳህኑን መሬት ያስቀምጡና አጠገቡ ቆመው ያነሳሉ። የእግር ጣቶቻቸው ያልገቡበት ፎቶ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን እያየሁ እስቅ ነበር። በኋላ ግን ቀለሙን ብቻ አይቼ ማለፍ ለመድኩ።

ያን ቀን ለምሳ ስንወጣ ስልኬ ቀይ አሳየ። «ጎመን፣ እንጀራ፣ ዘይት የበዛበት ቀይ ወጥ» ይላል። ተናደድኩና ወዲያው ደወልኩ።

«አባባ፣ ቀይ ወጥ ከየት መጣ ደግሞ?»

«ኧረ ጎመን ነው እየበላሁ ያለሁት!»

«ስልኩ አይቶታል።»

«ወላሂ ጎመን ብቻ ነው! እኔን ትተሽ ስልክ ታምኛለሽ?»

አባቴ በአላህ ስም በውሸት አይምሉም። እኔ ደግሞ ጠርጣራ ነኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ፎቶውን ከፈትኩት፤ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው።

ሳህኑ ላይ ያለው እውነትም ጎመንና እንጀራ ብቻ ነው። ቀዩ ነገር ከሳህኑ ውጭ ነበር። ከቀኝ እግራቸው ሥር እየወጣ፣ በፕላስቲኩ ምንጣፍ ላይ ፈሶ ሳህኑ ጋ ደርሷል። ደም ነው።

«አባባ፣ እግርዎን ይዩ!» ብዬ ጮህኩ።

«የቱን እግር?» አሉኝ። ምንም አልተሰማቸውም። ዓይናቸውም ደክሟል። «ያ አላህ!» ሲሉ ሰማሁ። ስልኩ ወደቀ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ብደውል አይነሳም። ለጎረቤታችን ብደውል ጥሪ አይቀበልም። ከነሥራ ልብሴ ሮጬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የሀረጎን ዳገት ስንወጣ መንገዱ በጉም ተሸፍኗል። ሾፌሩን ፍጠን እንዳልለው ገደሉ፣ ዝም እንዳልል አባቴ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እጄን ይዘው ደሴ እስክንደርስ ዱዓ አደረጉልኝ።

ቤት ስገባ ያየሁት ከፎቶው የባሰ ነበር። ከማድ ቤት እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ በር፣ የአንድ እግር ዳና በደም ታትሟል። አባቴ እግራቸውን በፎጣ ጠምጥመው ግድግዳ ተደግፈዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አብሽሪ ልጄ፣ አልሞትኩም» አሉኝ። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን «ዙሁርን በደም ሰግጄ ይሆን?» ብለው ነው። እኔ እያለቀስኩ እሳቸው የሚጨነቁት ደም ነክቶት ይሆን ብለው ለቀትር ሰላታቸው!

ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ሰብረው ነበር። ጠርገው ጨርሰው፣ የቀረውን በባዶ እግራቸው ረግጠውት ኖሯል።

ሐኪም ቤት ስብርባሪው ሲወጣ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የጣቴን ግማሽ ያክላል። ሐኪሙ ሥጋቸውን እየፈለቀቀ፣ አባቴ ስለ አሰብ መንገድ ያጫውቱታል። ፊታቸው እንኳን አልተኮማተረም። ከደሙ ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

«ስኳር የእግር ነርቭ ያደነዝዛል» አለኝ ሐኪሙ። «ሳይታወቅ ቢመረቅዝ ኖሮ እግራቸውን ልንቆርጠው እንችል ነበር።»

አልሐምዱሊላህ፣ እግራቸው ድኗል። አሁን በየሳምንቱ ደሴ እየወጣሁ፣ እምቢ ቢሉም ሁለቱንም እግራቸውን ገልብጬ አያለሁ።

ሰው ሁሉ «ስልኩ አተረፋቸው» ይለኛል። የዚያን ቀን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም። የአባቴን ደም አይቶ «በሚቀጥለው ጊዜ ዘይት ይቀንሱ» ይላል።