የለቀለቅሁት የጥንት ወለል

ያን ዕለት ጧት እበት እያቦካሁ ነበር። አምና ታኅሣሥ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ወደ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ ጎታዬ ተሰነጣጥቋል፣ አይጥ ሳይገባበት ልለቅልቀው ብዬ ጭድ ጨምሬ በእጄ አሸዋለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ይኸን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ቢሆንም ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ሰውም ይስማው አልሁ።

ሰፈራችን ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ነው። ከአጥሬ ሥር ያለው መሬት የጎረቤቴ የዘለቀ ማሳ ነበር። አንድ ዓመት ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ መታና ተሰበረ። ድንጋዩን ልንቀለው ቢል የተጠረበ ነው። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። የጥንት ሰዎች ቤት ኖሯል። ከባሕር ዳር ባለሙያዎች መጡና በየበጋው ይቆፍሩ ጀመር። አለቃቸው ምስራቅ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት።

ምስራቅ ሰዉን ሰብስባ «እኛ ቆፍረን እንሄዳለን፣ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ» አለች። ሰዉም እሺ ብሎ ገባበት። ወንዶቹ በእሾህ አጠሩት፣ የሣር ዳስ ሠሩለት። እኛ ሴቶቹ አፈሩን በቅርጫት አወጣን፣ በወንፊት ነፋን። ዘለቀ መጀመሪያ ላይ «ለድንጋይ ብዬ ጤፌን ልጣ?» ብሎ አጉረምርሞ ነበር። ኋላ ምትክ መሬት ሰጡት፣ ጠባቂም እሱኑ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ እንደ እሱ የሚቆረቆርለት ሰው አልነበረም። ዶሮ እንኳ አያስገባም።

ያን ዕለት ማክሰኞ ነው፣ ከፍኖተ ሰላም እንግዶች ሊመጡ ነው። አያያዛችንን አይተው ደኅና ከሆነ በሣሩ ፈንታ ቆርቆሮ ሊያስመቱለት። ዘለቀ በአጥር በኩል ጠራኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ምንጭ ወርጄ ተጣጥቤ ልምጣ። እስክመለስ ዐይንዎ አይለየው።»

«ሂድ ሂድ። በዚህ ፊትህ ካዩህ አንተም ከጉድጓዱ የወጣህ ነው የሚመስላቸው» አልሁት። እየሳቀ ወረደ።

ገብቼ አየሁት። ባለሙያዎቹ የሚሸፍኑበትን ላስቲክ ለእንግዶቹ ብለው ገልጠው ሊቀበሏቸው ሄደዋል። ወለሉ የጭቃ ልስን ነው፣ ተሰነጣጥቆ አቧራ ለብሷል። በዙሪያው የተወጠረውን ገመድ እንዳታልፉ ተብለናል። እኔ ግን ያ ለልጅና ለከብት የተባለ መሰለኝ። እንግዳ እየመጣ እንዲህ ያለ ወለል ይታያል? የሰፈሩ ሴቶች ምን ይባላሉ? አውድማ እንኳ እህል ሊወቃበት ሲል ይለቀለቃል።

የተረፈ እበት ነበረኝ። በቅል ይዤ ተመለስሁ፣ ገመዱን ተሻግሬ ተንበረከክሁ። በመግቢያው በኩል የበሬ ቁርበት የምታህል ለቀለቅሁ። አሳምሬ ነው የለቀለቅሁት። እውነቱን ልናገር፣ እንግዶቹ ሲያዩት ማን ሠራው ብለው ይጠይቃሉ ብዬም ነበር። ከዚያ ቀሚሴን ልለውጥ ቤት ገባሁ።

ስመለስ ሰው ሞልቷል። እንግዶቹም ደርሰዋል። ምስራቅ ከለቀለቅሁት ላይ ተደፍታለች። የቀበሌው ሰውዬ ነው የሚጮኸው።

«የትኛው ጠላት ነው እበት የደፋብን?»

ደፋብን አለ። እኔ ለክብር ያደረግሁት ስድብ ሆኖ ተቆጠረ። አፌን ልከፍት ስል ምስራቅ ቀና አለች።

«እዚህ ላይ ጣት ነበር» አለች። «ወለሉን የለሰነችው ሴት የጣቷ ፈለግ። አምስቱም። ትናንት ማታ ነው ያገኘነው፤ ዛሬ ላሳያችሁ ነበር።»

እጄን ነጠላዬ ሥር ሸሸግሁ። ከጥፍሬ ሥር ያለው እበት አልለቀቀኝም ነበር።

ሰውዬው ወደ ዘለቀ ዞረ። «አንተ ነህ! መሬቴ ተወሰደ ስትል አልነበር?»

ዘለቀ ፊቱ ከታጠበበት ገና አልደረቀም። አንዴ ወደ እኔ አየ። «ማንም ሲገባ አላየሁም። ጥሎ የሄድሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ለማን አደራ ብለህ ሄድህ ቢሉትም ስሜን አላነሳውም። እዚያው በእንግዶቹ ፊት ከጥበቃው አወረዱት።

እኔም ዝም አልሁ።

ነገ እናገራለሁ ብዬ አደርሁ። በነጋታው ወንድ ነው፣ ይችለዋል አልሁ። የሰፈሩ ልጆች በመንገድ «ዘለቀ እበቴ!» እያሉ ሲከተሉት በጆሮዬ ሰማሁ። ሚስቱ ጠጀ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ ፈቀቅ እያሉ ለብቻዋ አስቆሟት። እኔ ከሰዓት በኋላ ጥርሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ጥርሴን ምንም አላለኝ።

ቅዳሜ ጧት በአጥር ቀዳዳ አየሁት። ከዳሱ የቀረች በርጩማውን ሊወስድ መጥቷል። ይዞ ሲወጣ አንዲት ዶሮ በእሾሁ ሾልካ ገባች። ጠባቂ አይደለም እኮ። በርጩማውን አስቀመጠና እሽ፣ እሽ እያለ እስክትወጣ ተከትሏት፣ የሾለከችበትን ቀዳዳ በእሾህ ደፈነ። ያኔ ወደ እሱ ወጣሁ።

«ዘለቀ፣ እኔ ነኝ» አልሁት።

«አውቃለሁ።»

«በምን አወቅህ?»

«ጠላት እንዲህ አሳምሮ ይለቀልቃል እንዴ?»

«ታዲያ ምነው ሳትናገር?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ የጠበቅሁ» አለኝ።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሳይበተን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ ተናገርሁ። የሳቀም ነበር፣ ያማተበም ነበር። የቀበሌው ሰውዬ አቀርቅሮ ዘለቀን ይቅርታ ጠየቀ፤ ወደ ጥበቃውም መለሱት።

ምስራቅ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዛ አስገባችኝና አሳየችኝ። እበቱን በብሩሽና በስንጥር ቀን ከቀን ስታላቅቀው ሰንብታለች፣ ጭቃው ግን አብሮ ተነሥቷል። ከአምስቱ ፈለግ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል።

«እማማ፣ ሦስቱን መመለስ አይቻልም» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ወደ ቀኝ ዞር ያሉ ናቸው፣ ልክ እኔ እንደምለቀልቀው። ያች ሴት ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። እንደኔው ቤቷን ልታሳምር ነበር። ስሟ ጠፍቷል፣ ቤቷ ፈርሷል፣ የቀራት ይኸ ጣቷ ነበር። ከእሱም ሦስቱን እኔ አጠፋሁባት።

ዘንድሮ ቆርቆሮው ተመታለት። ከሌላ ቦታም ሰው ሊያየው ይመጣል። እኔ ከአጥሩ አላልፍም። ሰዉ ይቅር ብሎኛል፤ ንስሐ አባቴም ሱባዔ ሰጥተውኝ ጨርሻለሁ። ሌሊት ግን እጄን ሳየው ያስጠላኛል።

ጠጀ ብዙ ቀን ነገሩን ሳታነሣብኝ ቆየች። ሰላም ትለኛለች፣ ያው ነች። አንድ ቀን ከምንጭ ስንመለስ እንስራዋን አውርዳ አረፈችና እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ እበቱንስ እኔም ብሆን እለቀልቀው ነበር። ያን አራት ቀን ግን፣ ጧት ጧት ከምድጃዬ እሳት ሊጭሩ ሲመጡ፣ እንዴት አስቻለዎት?»