በሟች ወንበር የተቀመጡት ሴናተር

ባለቤቴ በሞተ በሳምንቱ ሴናተሩ ለቅሶ መጡ። ዌስትቼስተር በሚባለው የከተማችን ሰፈር ታክሲ ሲነዳ ያገኛቸው ደንበኛው ነበሩ፤ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ከሌላ ስቴት የመጡ፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ። አንዳንድ እሑድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ይዟቸው ይመጣና ሽሮ ያበላቸው ነበር። ሴናተርነታቸው የቆየው ጥቂት ወራት ነው። የስቴታቸው ሴናተር በድንገት ሲሞት ምርጫ እስኪደረግ ገዥው እሳቸውን ሾማቸው። ከዚያ በፊት ጠበቃ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም ጠበቃ። ማዕረጉ ግን አልለቀቃቸውም።

የዕድራችን ሽማግሌዎች ከሶፋው ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው። አንዱ ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«የወንድሜ ልጅ ቪዛ ተይዟል፤ እስቲ ንገሪልኝ።»

«ጋሼ፣ ከወረዱ እኮ ስንት ዘመናቸው!»

«ታዲያ ደጃዝማች ቢሻር ደጃዝማች መባሉ ይቀራል? ሥልጣኑም ትንሽ ትንሽ ይተርፋል።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ሽማግሌዎቹ ግን ሌላም ጉዳይ ነበራቸው። ባለቤቴ የዕድሩ ሰብሳቢ ነበር። ሰው ሲሞት የሚደወለው ለእሱ ነው፤ ሬሳው አገር ቤት ይሂድ፣ እዚህ ይቀበር፣ ቄስ ማን ይጥራ፣ ምግብ ማን ያምጣ፣ ሁሉም በእሱ ስልክ ያልቅ ነበር።

«ምርጫ እስኪደረግ አንቺ ያዢልን፣ ልጄ» አሉኝ።

አልችልም አልኩ። የራሴን ሳልጨርስ የሰው መርዶ እንዴት እሰማለሁ? የባለቤቴን ስልክ ግን አላጠፋሁትም። ጠዋት ጠዋት ቻርጅ አደርገው ነበር።

ሴናተሩ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉኝ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው።

«መጀመሪያ የተጠየቀችው የሟቹ ሴናተር ሚስት ነበረች» አሉ። «ወንበሩን ለሟች ሚስት የማቅረብ ልማድ አለን። እምቢ አለች። እኔ ስገባ በሟቹ ጠረጴዛ ላይ የለቅሶው ጥቁር ጨርቅ ገና አልተነሣም ነበር።»

«ምን ሠሩ እዚያ?»

«እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልሠራሁም። በስሜ አንድ ሕግ እንኳ አልወጣም። ለሟቹ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን አልቆመም። እሱን ስመልስ ጊዜዬ አለቀ።»

«ሚስቱስ?»

«አንድ ቀን ደወለችልኝ። ከደብዳቤዎቹ ጥቂቱን እንኳ እኔ መመለስ ነበረብኝ አለች።»

የዕድሩን ሥራ ያዢውም ተይውም አላሉኝ። የቀረበላቸውን ቀመሱ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ፣ ሄዱ።

እንግዳው ሁሉ ተበትኖ ቤቱ ባዶ በሆነ በአንዱ ጠዋት ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ዝም አልኩት፤ ተቋረጠ። እንደገና ጮኸ። አነሣሁት። ክሬንሾው ከሚባለው ሰፈር የምትደውል የማላውቃት ሴት ነበረች።

«ሃሎ? ጋሼ አሉ?»

ባለቤቴ መሞቱን አልሰማችም ማለት ነው።

«የሉም» አልኳት። «ማን ሞተብሽ፣ እኅቴ?»

«ባለቤቴ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

የእኔም ሞቷል ብዬ አልነገርኳትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እስክትረጋጋ ጠበቅኳትና ሬሳው የትኛው ሆስፒታል እንዳለ ጠየቅኳት።